«አየር ጤና» እያልኩ የደበቅኋት ዘነበወርቅ

«ቤትሽ የት ነው?»

ለሌላ ሰው «ስንት ሰዓት ሆነ?» እንደማለት ነው። እኔን ግን ስንት ዓመት ሙሉ ላብ በላብ ያደረገችኝ ጥያቄ ይህቺ ናት። ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ፣ ሰርግ ቤት አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሲጠይቀኝ፣ የሥራ ማመልከቻ ስሞላ… መልሴ አንድ ነበር። «አየር ጤና!»

ውሸት እንዳትሉት አየር ጤና ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። እውነት እንዳትሉት ደግሞ እኔ ከታክሲ የምወርደው ከዚያ በፊት ነው። ወያላው «ዘነበወርቅ ወራጅ አለ?» ብሎ ሲጮህ ታክሲው ውስጥ የማውቀው ሰው ካለ ጭጭ ብዬ አልፋለሁ። አየር ጤና እወርድና ሰውዬው ከዓይኔ እስኪጠፋ ሱቅ በር ላይ ቆሜ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ደመወዝ ቢኖረው ኖሮ ይሄኔ ሀብታም ነበርኩ።

ምክንያቱን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ዘነበወርቅ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚመጣበት ሆስፒታሉ ነው፤ ከሆስፒታሉ ቀጥሎ በሽታው፤ ከበሽታው ቀጥሎ ደግሞ እኔን ያየኛል። በተለይ እጄን ያያል። ይህን የምታነቡ የሰፈሬ ልጆች «እጄን ያያል» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቷችኋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ አልፎ በመውረድ የሚሸወድ አልሆነም። ሁለት ዓመት አብሮኝ የቆየ ልጅ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ አየር ጤና ድረስ እየሸኘኝ የሚመለስ ምስኪን ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው «ሽማግሌ ልልክ ነውና ቤታችሁን አሳዪኝ» አለኝ። እናንተዬ! ሌላዋ ሴት ብትሆን በደስታ ታለቅሳለች። እኔ ግን ሆዴን ቆረጠኝ።

ለመሆኑ ዘነበወርቅ ማን ናት?

ያን ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የሰፈሬን ስም ነገር ማሳደድ ጀመርኩ። ስሟን በቀን አሥር ጊዜ እየሰማሁ ማን እንደሆነች አለማወቄ አናደደኝ።

ልዕልት ዘነበወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናት። በ1924 ዓ.ም. ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ተዳረች። ያኔ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ቢሆን ነው። ባልየው የምሥራቅ ትግራይ ገዢ የነበሩት የራስ ጉግሳ አርአያ ልጅ ነው፤ ሲቆጠር የአፄ ዮሐንስ 4ኛ የልጅ ልጅ ልጅ ይሆናል። በዚያው ሰሞን ወንድሟ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ደግሞ የራስ ሥዩም መንገሻን ልጅ ወለተ እስራኤልን አገባ። ሁለቱ ራሶች ትግራይን ተካፍለው የሚገዙ የአፄ ዮሐንስ ዘሮች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ እንግዲህ ለአንደኛው ልጃቸውን ሰጡ፣ ከሌላኛው ለልጃቸው ወሰዱ። ያኔ ፖለቲካው የሚሰፋው በጋብቻ መርፌ ነበር። የልጅቷን ፈቃድ የጠየቀ ሰው ይኖራል ብዬ በበኩሌ አልጠብቅም።

ልጅቷ ወደ ትግራይ ሄደች። በትዳሯ ሁለት ዓመት እንኳ ሳትደፍን ሞተች። ሃያ ዓመት አልሞላትም። ባሏ ደግሞ ጣልያን በገባ ሰሞን፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ለጠላት ገባ። የአማቱን አገር ከድቶ ከወራሪ ጋር የተሰለፈ ባል! ልጅቷ ቆይታ ብታየው ኖሮ ለእንዲህ ዓይነቱ ዓምድ ስንት ገጽ ደብዳቤ በጻፈች።

ስሟ መታሰቢያ የሆነው ለሆስፒታል ነው። አሜሪካ ተወልደው ሚሲዮናዊ ሐኪም ሆነው የመጡት ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1926 ዓ.ም. ገደማ ከከተማው ወጣ ብሎ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ አቋቋሙ፤ እሱም «ልዕልት ዘነበወርቅ መታሰቢያ ሆስፒታል» ተባለ። ወጣ ብሎ የተሠራው በአጋጣሚ አይደለም፤ ያን ጊዜ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ከከተማ እንዲርቅ ነበር የሚፈለገው። ከተማው ግን እያደገ መጣና በጅማ መንገድ በኩል አድርጎ ደረሰበት። አልፎትም ሄደ።

ስሙን እስቲ ፍቱት። ዘነበ ወርቅ። ወርቅ ዘነበ። እኛ ደግሞ ከዚህ ሸሽተን «አየር ጤና» እንላለን።

ለነገሩ ክፍለ ከተማችን ኮልፌ ቀራንዮ የስም ደሃ አይደለም። ቀራንዮ የሚለው ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ስም ነው፤ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጋር የመጣ። ወይራ ሰፈር አለ፤ አጠና ተራ አለ። ኮልፌ ስንባል ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. በኮልፌው ፈጥኖ ደራሽ ካምፕ ውትድርና ሠልጥኖ እንደሄደ እየጠቀስን ደረታችንን እንነፋለን። ዘነበወርቅ ላይ ስንደርስ ግን ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን።

ሁለቱ እህትማማቾች

አሁን የምነግራችሁን ሳውቅ ለብቻዬ ነው የሳቅኩት። ከዘነበወርቅ ቀለበት መንገዱን ይዛችሁ ወደ ጦር ኃይሎች ሂዱ። እዚያም ሆስፒታል አለ። እሱም በአንድ ወቅት በልዕልት ስም ይጠራ ነበር፤ በዘነበወርቅ ታናሽ እህት በልዕልት ፀሐይ! ፀሐይ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ የመጣች ናት። በ1934 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነቀምት ውስጥ በወሊድ ምክንያት ሞተች፤ ከተዳረች ገና ወራት ነበር። የመታሰቢያ ሆስፒታሏ በ1940ዎቹ ተከፈተ። ገንዘብ በማሰባሰቡ በኩል እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ብዙ ደክመዋል። በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታልን ያቋቋሙት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸውም በ1951 ዓ.ም. ሲመጡ መጀመሪያ የሠሩት እዚያው ነው።

ደርግ መጣና የነገሥታቱ ቤተሰብ ስም ከየበሩ ወረደ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታልም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል። ሰፈሩም አብሮ ጦር ኃይሎች ተባለ። ዛሬ «ፀሐይ ወራጅ አለ?» የሚል ወያላ የለም።

የዘነበወርቅ ስም ግን ከሰው አፍ አልወረደም። ሆስፒታሉ እንኳ በ1958 ዓ.ም. የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል ሲሆን አለርት ተብሏል። ከአፍሪካ ሁሉ ሐኪም እየመጣ ሠልጥኖበታል። በ1960ዎቹም በጎኑ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፍቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ የብዙዎቻችሁ ናሙና የተመረመረው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ መንገዱ ዘነበወርቅ ነው፤ አደባባዩ ዘነበወርቅ ነው፤ የታክሲ ማቆሚያውም ዘነበወርቅ ነው። ለምን? እኔ እንደሚመስለኝ የሚሻማበት ስለጠፋ ነው። የሥጋ ደዌ ሰፈር በእሱ ስም እንዲጠራለት የሚጋፋ ባለሥልጣን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ታላቂቱ እህት በድሆች አፍ ላይ ተረፈች።

«ይፋጃል ወይ?»

አያቴ ከጎጃም የመጣችው በ1960 ዓ.ም. ነው። ክንዷ ላይ ነጣ ያለ፣ ቢቆነጥጧት የማይሰማት ምልክት ወጥቶባት ነበር። «መጀመሪያ ዋንጫዬ ተለየ፤ ቀጥሎ መኝታዬ ተለየ፤ ኋላ እኔው ራሴ ተለየሁ» ትላለች፤ ከዚህ የበለጠ ዝርዝር አትሰጥም። እስከ ደብረ ማርቆስ በእግሯ፣ ከዚያ በጭነት መኪና፣ ከእህል ጆንያው ጋር። ሾፌሩ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሏታል። መርካቶ ወርዳ «ዘነበወርቅ ወዴት ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሰው በእጁ እንኳ አላሳያትም፤ በአገጩ ነው የሚያሳያት።

እሷ ደግሞ ዘነበወርቅ ማለት ሴትዮ መስላታለች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ የሚባሉ አንዲት ደግ እመቤት በሽተኛ የሚቀበሉ! በሩ ላይ ደርሳ ዘበኛውን «እመቤቲቱን አገናኘኝ» አለችው። ዘበኛው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ግን «ገብተሽ ተቀመጪ፣ ይመጣሉ» አላት። እስከ ማታ ስትጠብቅ ዋለች። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ ነግራን ስንት ጊዜ ሳቅን መሰላችሁ።

ታከመች፤ ዳነች። አገሯ ግን አልተመለሰችም። የሰፈሬ ታሪክ ባጭሩ ይኸው ነው፤ ታክመው የዳኑ፣ የሚመለሱበት ግን የጠፋባቸው ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ ጭቃና ቆርቆሮ አያይዘው ሠሩ፤ እርስ በርስ ተጋቡ፤ ወለዱ። አያቴም እንደሷው ታክሞ የዳነ ሰው አገባች። እናቴ እዚሁ ተወለደች፤ ምንም የለባትም። የሰፈሩ ሴቶች የሚሠሩት ጥልፍ ስንት ዘመን ፈረንጅ እየገዛው ባሕር ተሻግሯል። ለጥልፉ «እንዴት ያምራል» ይባላል፤ የት እንደሚሠራ ሲነገር ደግሞ ፊት ይጠቁራል።

የአያቴ ጣቶች አጫጭር ናቸው። ልጅ ሆኜ በሽታው በልቷቸው ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። በሽታው የሚገድለው የነርቭን ስሜት ነው። ስሜት የሌለው እጅ ሲቃጠል አያውቅም፣ ሲቆረጥ አያውቅም፤ ቁስሉ ያመረቅዛል፤ ጣት እንዲህ በቁስል በቁስል ያልቃል። እንግዲህ የእኔ የልጅነት ሥራ ምን እንደነበር ገምቱ። ቡና ሲፈላ ከጀበናው ጎን ቁጭ እላለሁ። አያቴ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት «ይፋጃል ወይ?» ትለኛለች። እኔ ነካ አድርጌ «ይፋጃል» ወይም «በርዷል» እላለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ከአለርት የተሰጣትን ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አውልቄ እግሯን እፈትሻለሁ፤ እሾህ ወይም ጠጠር ገብቶ እንደሆነ። ሌላው ልጅ ተረት ሲሰማ የሚያመሸውን እኔ እግር ስመረምር አመሽ ነበር። ተረቱም አልቀረብኝም፤ እየመረመርኩ ትነግረኛለች።

ከሁሉ የምትወደው የጻድቁን የገብረ ክርስቶስን ታሪክ ነው። አለርት አጠገብ በስሙ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጥቅምት 14 ሲነግሥ ያያችሁ ታውቃላችሁ። የንጉሥ ልጅ ሆኖ በሰርጉ ሌሊት ሙሽራዋን ትቶ ወጣ፤ ሰው እንዳያውቀው መልኩን እንዲለውጥበት አምላኩን ለመነ፤ ቁስለኛ ለማኝ ሆኖ በአባቱ ደጅ ወደቀ። የገዛ አባቱ አሽከሮች እጣቢ ይደፉበት ነበር። አያቴ እዚህ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይለወጣል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ይህች ከተማ የማትፈልገውን ነገር ሁሉ ወደ እኛ መላክ ልማድ አድርጋዋለች። መጀመሪያ በሽተኞቿን፣ ቀጥሎ በ1950ዎቹ ቆሻሻዋን። ቆሼ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲቀበር ለቅሶው እኛ ቤት ይሰማ ነበር። ሌላ ጊዜ ሰፊ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሲሉ

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። እናቴ ሽማግሌ እንደሚመጣ ስትሰማ መጀመሪያ እልል አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማን ለአንድ ቀን አክስትሽ ቤት ብናደርጋትስ?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ ለእኔው ብላ ነው። እኔም… ልናገረው እንጂ ምን አደርጋለሁ፣ «ይሻላል» አልኩ።

አያቴ ጆሮዋ ሹል ነው። ከጓዳ ብቅ አለችና «ልሂድላችሁ እንጂ ልጆቼ፤ ጋቢዬን ብቻ አቀብሉኝ» ብላ ጫማዋን ለብቻዋ ማጥለቅ ጀመረች። በዚያ ዕድሜዋ እንደገና ልትለይ ነው። የጎጃሙ ዋንጫ ታየኝ።

ያኑ ማታ ለልጁ ደወልኩለት። ቤታችን አየር ጤና አለመሆኑን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ ኋላ እንደምመለስ፣ የአያቴን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዝም አለ። «እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋው።

ሁለት ቀን አልደወለም። ሁለቱን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለና ጤና ጣቢያ የምትሠራ ዘመድ እንዳለችው፣ እሷን ሲጠይቅ እንደሰነበተ ነገረኝ። «በዘር አይተላለፍም አለችኝ» አለ፤ ፈተና አልፎ እንደመጣ ተማሪ። እኔ ይህን ድሮም አውቀዋለሁ፤ ከእሱ አፍ ስሰማው ግን አለቀስኩ። ሌላም ነግራዋለች። በሽታው ከጀርም ነው፤ ጀርሙን ኖርዌያዊው ሐንሰን በ1873 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አግኝቶታል። እርግማንም ከአጥንት የሚወረስም አይደለም። አብዛኛው ሰው ጀርሙ ቢደርሰው እንኳ ሰውነቱ ተቋቁሞ ያሸንፈዋል። መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ እንደ በሽታው ዓይነት ስድስት ወር ወይም ዓመት ይዋጣል። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። ቶሎ የመጣ ሰው ጣቱ ሳይነካ ድኖ ይሄዳል። እናንተም ገላችሁ ላይ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ አፍራችሁ አትቀመጡ፤ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚያስፈራው መዘግየቱ ነው።

«ግን አንድ ነገር ከፍቶኛል» አለኝ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት የሸኘሁሽን መንገድ ነው ስትመለሽ የከረምሽው?» ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። አያቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከሳሎኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ እጇን ጋቢዋ ውስጥ ከታው ነበር፣ እኔ አወጣሁት። አንደኛው ሽማግሌ እጇን አይተው ቡናቸውን አልነኩም። ሲኒው እስኪበርድ እያየሁት ነበር። በዕድሜ የሚበልጡት ሌላው አባት ግን እንጀራውን ቆረስ ቆረስ እያደረጉ «እናቴ፣ አገርዎ የት ነው?» ብለው ጠየቋት። «ዘነበወርቅ» አለች። ጎጃም ትላለች ብዬ ስጠብቅ! ቀጥሎ ስለ መኸርና ስለ ጤፍ ዋጋ ተወራ፤ ልጅቷን ስጡን ተባለ፤ ቤተሰብ ተማክረን እንመልሳለን ተባለ። በሳምንቱ «እሺ» አልን።

የልጁ እናት ግን እስካሁን ቤታችን አልመጡም። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ስልክ እየደወሉ ያጫውቱኛል። ባለፈው ግን የጥሪ ካርዱ ነገር ሲነሳ «አድራሻውን አየር ጤና ብትሉት አይሻልም? ለእንግዳም ይቀላል» አሉኝ። እንግዲህ ማን ነው የሚፈርድባቸው? ያንን ዘዴ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። «አስብበታለሁ እትዬ» ብዬ ዘጋሁ።

ማተሚያ ቤት የሄድኩት ብቻዬን ነው። ጽሑፉን የሚለቅመው ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ አጎንብሶ የሙሽራዋን ወላጆች ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፈ። ከዚያ «አድራሻ?» አለኝ።

«ዘነበወርቅ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እጄን ሊያይ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አንድ ቃል ነው ሁለት?» አለኝ።

«አንድ ላይ ጻፈው።»

ሦስት መቶ ካርድ አዘዝኩ። የልጁ እናት ገና አላዩትም።